ለመንገዱ ጀርባቸውን የሰጡት አናጢዎች

ሰይድ መሞቱን አንድ የሥራ ጓደኛችን ደውሎ ነገረኝ። ውሸት ነው ብዬ ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። ቆይቼ እኔው መልሼ ደወልኩ። እውነት ነው። ተጣድፌ ነው የምጽፈው፣ ፊደል ብገድፍ አትፍረዱብኝ።

የወሎ ልጅ ነው። እዚህ ዓረብ አገር፣ ጉበይራ የሚባል ሰፈር አንድ ክፍል አብረን እንኖራለን፣ አንድ አናጢ ቤት አብረን እንሠራለን። ዛሬ ጠዋት እኔ ዕቃ ላደርስ ሱወይዲ የሚባል ሌላ ሰፈር ሄጄ ነበር። እኔ በሌለሁበት አናጢ ቤቱ ውስጥ አንዱ «ተፍቲሽ!» ብሎ ጮኸ። ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የሌለን ሰዎች ፍተሻ መጣ ከተባለ እግራችን ከጭንቅላታችን ይቀድማል። ሰይድ ጣሪያ ላይ ወጣ፣ ወደ ጎረቤት ሊዘል ሲል ወደቀ።

የመጣው የውሃ ቦቴ ነበር።

እሱ እኮ የማይፈራው ልጅ ነበር!

ግድግዳችን ላይ ሰው የጣለውን የድሮ የፈረንጅ ሥዕል ሰቅሏል። ግዙፍ ዛፎች፣ በቅጠሉ መሀል የሚወርድ ብርሃን፣ ከሥር ትንንሽ ሰዎች። ሁለቱ ግንድ በመጋዝ ይቆርጣሉ፣ አንዱ የጋሪ እግር ይጠርባል። ከኋላቸው መንገድ አለ፣ ጨለማው ውስጥ ገብቶ ይጠፋል። እኔ ያንን ጨለማ አልወደውም። «በዚያ በኩል ሰው እየመጣ ነው» እለዋለሁ።

«ወላሂ አንተ ሥዕል ውስጥም ፖሊስ ይታይሃል!» ይስቅብኛል። «እያቸው፣ ሁሉም ለመንገዱ ጀርባቸውን ሰጥተዋል። ሠዓሊው ያሳየን ይህን ነው። ጀርባውን ለመንገድ ሰጥቶ የሚሠራ ሰው አገር አለው።»

ይቺን አባባል የማያመጣበት ቦታ አልነበረም። ስንበላ ፊቴን ወደ በሩ አድርጌ ስቀመጥ «ያላ ዙር፣ አገር ይኑርህ» ይለኛል።

አሁን ሥዕሉን ሳየው ሰዎቹ ሁሉ አጎንብሰዋል፣ የአንዳቸውም ፊት አይታይም። አለመፍራታቸውን በምን አወቅን? የሰይድንም ፍርሃት አላየሁትም።

አስከሬኑ ሆስፒታል ነው። ሥራ ቦታ ስሙን ደብቆ «አሕመድ» ነበር የሚባለው። እውነተኛ ስሙን ከነአባቱ የማውቀው እዚህ እኔ ብቻ ነኝ። ካልሄድኩ በሰው ስም ይቀበራል፣ እናቱም ልጄ ይደውላል እያለች ትኖራለች። ከሄድኩ ኢቃማህን አምጣ ይሉኛል፣ እሱን ተከትሎ እስርና ተርሒል ነው፣ ወደ አገር መባረር። አብረውን የሚሠሩት ልጆች «ኸላስ፣ አርፈህ ተቀመጥ፣ ፈሪ ለእናቱ» ይሉኛል። እናቴን አሰብኩ። ከዚያ የእሱን እናት አሰብኩ።

ሰይዴ፣ ወንድሜ፣ ጀግና ሆንኩ ብዬ አልዋሽህም። ግን ጫማዬን አድርጌያለሁ፣ እየወጣሁ ነው። ሌላ ቃል ባይወጣኝ እንኳ ስምህን እነግራቸዋለሁ። በራስህ ስም ተኛ። ደህና ሁን።