ለሁለት የተካፈልነው ድምፅ

ባለፈው ወር ስለ ውድ የቤት ውስጥ ስፒከሮች አጭር ዘገባ ለመሥራት አዲስ አበባ ውስጥ ሦስት ባለቤቶችን አነጋገርኩ። የሦስቱም ስፒከር አንድ ዓይነት ነው፤ እንደ ተለመደው ሣጥን ሳይሆን እንደ በር ሳንቃ ስስና ረጅም፣ በውስጡ በኤሌክትሪክ ኃይል የሚርገበገብ፣ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ፕላስቲክ የተወጠረበት። አንደኛው ባለቤት ዘፋኙ ሳሎኑ ውስጥ የቆመ እንደሚመስለው ነገረኝ። ሁለተኛዋ ከአንዲት ወንበር በቀር የትም ቢቀመጡ ደስ አይልም አለች። ሦስተኛው አቧራ መሳቡ አስመርሮታል። ሁሉንም እንዳሉት ጻፍኩ። ሦስተኛው ሰው ግን እየተነጫነጨ መሰኪያውን ሲሰካው የሞቀ አቧራ ሽታ አፍንጫዬን መታውና ቀጣዩን ጥያቄዬን ረሳሁት፤ ያን ሽታ ከዚያ በፊት የማውቀው በአንድ ቤት ብቻ ነውና። እሱም ደብረ ማርቆስ፣ አባቴ ልብስ ይሰፋበት የነበረው፣ ወለሉ ሁልጊዜ በቅዳጅ ጨርቅና በክር የተሞላው ቤታችን ነው።

ዘመኑ የንጉሡ መጨረሻ ዓመታት ነበር። የአባቴ ታናሽ ወንድም አዱኛ አዲስ አበባ ለአንድ የውጭ አገር መሐንዲስ ይሠራ ነበርና ሰውየው ወደ አገሩ ሲመለስ የሙዚቃ ዕቃውን በሙሉ ሰጠው፤ ሳንቃ የሚመስሉ ሁለት ስፒከሮች፣ ድምፅ የሚያጎላ አምፕሊፋየር፣ የሚቀርጽና የሚያሰማ ትልቅ ቴፕ። አዱኛ ይህን ሁሉ አውቶቡስ ላይ ጭኖ እኛ ቤት ሲደርስ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ነገር ግን አንዱን ዕቃ ከሌላው የምታገናኝ ገመድ አዲስ አበባ ረስቶ መጥቶ ኖሮ ምንም ሳያሰማን ሰነበተ። መቅረጽ ግን ይችል ነበር። ሊመለስ ሲል ቆብ ደፍተው አብረውን ይኖሩ ለነበሩት ለአያቴ ለእማሆይ የቴፑን ክር እያሳየ፣ «ገመዱን ይዤ እስክመጣ ድምፄ እዚህ ውስጥ ይቆይልዎት» አላቸው። በክረምቱ መግቢያ አዱኛ ታሞ አዲስ አበባ ሞተ። ሚስትም ልጅም አልነበረውም።

እማሆይ «እኔ ከዓለም ወጥቻለሁ፤ ለወንድሞቹ አካፍሉልኝ» ስላሉ ሽማግሌዎች ግቢያችን ውስጥ ተቀመጡ። ወራሾቹ አባቴና አምበር በተባለው ገጠር የሚያርሱት ታላቅ ወንድሙ አያ ቢተው ናቸው። ሽማግሌዎቹ በአገሩ ደንብ ንብረቱን እኩል ሁለት ቦታ ከመሩት፤ ጋቢ ለጋቢ፣ ሳንቃ ለሳንቃ፣ ሣጥን ለሣጥን። በአንዱ ክምር አንድ ሳንቃና አምፕሊፋየሩ፣ በሌላው አንድ ሳንቃና ቴፑ ከነክሮቹ ሆነ። አባቴ የኮት ቁልፍ፣ አያ ቢተው የባቄላ ፍሬ ለምልክት ሰጡ፤ የማን የቱ እንደሆነ የማያውቅ አንድ እንጨት ሻጭ ከመንገድ ተጠርቶ በየክምሩ ላይ ጣለላቸው። ከዚያ የበለጠ ፍትሐዊ ክፍፍል በሕይወቴ አላየሁም። ሽማግሌዎቹ መርቀው ሄዱ፤ ዕቃው ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ገመዱ ቢገኝ እንኳ የማይናገር ዲዳ ሆነ።

ለአባቴ አምፕሊፋየሩና አንዱ ሳንቃ ደረሰው። የከተማው መብራት ሲመጣ ሳንቃውን ሰካው፤ ሳንቃው በቀስታ እም እያለ የሞቀ አቧራ መሽተት ጀመረ፣ አባቴም ትንሽ አሰብ አድርጎ የፈረንጅ ምድጃ ነው ብሎ ወሰነ። የደብረ ማርቆስ ሐምሌ ደግሞ ምድጃ ያስመኛል። እናቴ ጉልበቷ እንደ ተሻላት በእርግጠኝነት ተናገረች። እማሆይ ሙቀቱ ባይሰማቸውም ሽታው ያሞቃል አሉ። ሱሪ ሊያሰፉ የመጡ አንድ ቄስ ለረጅም ጊዜ መዳፋቸውን ዘርግተው ቆዩና ገና እየጀመረው ይሆናል ብለው በትሕትና ሄዱ። የወለሉ የክር ብናኝ ሁሉ እየተነሣ ሳንቃው ላይ ሲለጠፍ አባቴ ይህንን እንደ ተጨማሪ ጥቅም ቆጠረው። እኔ ሙቀት ይሰማኝ እንደ ነበር ዛሬ ራሴን ብጠይቅ አዎ የሚል መልስ ይመጣልኛል፤ እውነት እንዳልሆነ ግን አውቃለሁ።

አምበር ደግሞ መብራት አልነበረም። አያ ቢተው የደረሳቸውን ሳንቃ የዶሮ ቤት መዝጊያ አደረጉት። ገበያ ሲመጡ ነፋስ እንደሚከላከል፣ ብርሃን እንደሚያሳልፍ፣ ዶሮ እንደማያሳልፍ ለሰው ሁሉ ያወሩ ነበር። ሁለቱ ወንድማማቾች ባገኙት ነገር እንዲህ ረክተው ሳለ እንዴት እንደ ተጣሉ ሳስበው እስከ ዛሬ ግራ ይገባኛል። የማስታውሰው አያ ቢተው አንድ ቅዳሜ ስፌት ቤቱ በር ላይ ቆመው በአባቴ ላይ የጮኹትን ነው።

«ጥሩነህ! የሚናገረውን ዕቃ ለራስህ አስቀርተህ እኔን የዶሮ በር አሸከምከኝ!»

«አያ ቢተው፣ ድምፁማ ያለው እርስዎ ዘንድ ባለው ክር ላይ ነው። እኔ የያዝኩት ምድጃ ነው።»

«ምድጃ ካገኘህ ታዲያ ምን ያንጨረጭርሃል?»

ከዚያ በኋላ ክረምቱን በሙሉ ሰላምታም አልነበራቸውም።

መስከረም ሲጠባ እማሆይ ቀሪ ዘመናቸውን ዲማ ገዳም አጠገብ ሊያሳልፉ ቆረጡ። ከመሄዳቸው በፊት የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የአዱኛን ድምፅ። ሁለቱን ልጆቻቸውን አስጠርተው አንዱን በመደቡ አንድ ጫፍ፣ ሌላውን በሌላው ጫፍ አስቀመጧቸውና፣ «ሁለታችሁም ዕቃችሁን አምጡ። ልጄን አንድ ጊዜ ልስማው። ከዚያ ወዲያ ብትፈልጉ ተባሉ። እምቢ ካላችሁ ግን ዲማ የሚሸኘኝ ሰው አልፈልግም፤ እዚያም ደጃፌን እንዳትረግጡ» አሉ። እማሆይ ያሉትን እንደሚያደርጉ ሁላችንም እናውቅ ነበር።

በሳምንቱ አያ ቢተው ሳንቃውንና ቴፑን በበቅሎ ጭነው መጡ። የከተማው ራዲዮ ጠጋኝ ጋሽ በላይ ከሰዓት በኋላውን በሙሉ የዶሮ ኩስ ሲፍቁ ዋሉ፤ እየፋቁም በየመካከሉ «ይህን ያደረገ ሰው ክርስቲያን ነው?» ይላሉ፣ አያ ቢተውም በየመካከሉ ሌላ አቅጣጫ ያያሉ። ጋሽ በላይ የጎደለውን ገመድ ራሳቸው ሠሩና አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መብራት ሲመጣ ሁለቱን ሳንቃዎች በክፍሉ ግራና ቀኝ አቁመው ሰኩ። ወዲያው ግን አላሰሙንም። ሁለቱ ወንድማማቾች፣ እናቴ፣ እማሆይና እኔ የሞቀውን አቧራ እያሸተትን፣ ጋሽ በላይ «መጀመሪያ ሳንቃዎቹ መብራቱን ይጠጡ» እያሉን ጠበቅን። ከዚያ ቴፑ ዞረ።

«አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» አለ አዱኛ።

እንደ ራዲዮ ከሣጥን ውስጥ አልነበረም የመጣው። ሁለቱም ሳንቃዎች ዝም ያሉ ይመስሉ ነበር፤ ድምፁ ያለው በመካከላቸው፣ ምንም ባልነበረበት ቦታ ላይ ነው። አባቴ በእኔ በኩል ነው አለ። አያ ቢተው በእኔ በኩል ነው አሉ። ጋሽ በላይ በማንኛቸውም አይደለም ብለው ሁለቱንም አስቆጡ። እማሆይ ግን ተነሥተው እጃቸውን ዘርግተው ወደ ባዶው ቦታ ሄዱ፤ ትንሽ ወደ ግራ ዘንበል ሲሉ ድምፁ ወደ ግራው ሳንቃ ሸሸ፣ ሲመለሱ ተመለሰ። «እሱ ነው» አሉ። ያን ጊዜ ፊታቸው ላይ ያየሁትን ነገር ለመግለጽ ብዙ ጊዜ ሞክሬ ትቼዋለሁ።

አዱኛ ሳለና፣ «እማሆይ፣ እግርዎን ወደዚህ ያድርጉት፣ ብርድ ነው» አለ። አንዲት ሴት መለሰችለት። «ተወኝ ልጄ፣ አንተ ራስህ ጋቢ ደርብ። ከስተሃል። የሚያበላህ ሰው ጠፋ?» አዱኛ ሳቀ። ክሩ አለቀ።

እማሆይ ወደ እኛ ዞሩ። «ይቺ ሴትዮ ማን ናት?»

ሁላችንም ሳቅን። ሳይነግራቸው ቀርጿቸው ነበር። አባቴ «እርስዎ ነዎት እንጂ!» አለ።

«እኔ? የራሴን ድምፅ አጣዋለሁ? ይቺ የደከመች አሮጊት ናት።»

ጋሽ በላይ ሦስት ጊዜ ደጋገሙላቸው። አባቴ ማለ፤ አያ ቢተውም ማሉ፤ ከሰኔ ወዲህ በአንድ ነገር ሲስማሙ ያን ቀን የመጀመሪያቸው ነው። እናቴ ጋቢው የቱ እንደ ነበር፣ የተቀመጡበትን መደብ ሳይቀር አስታወሰቻቸው። በተስማማን ቁጥር እማሆይ ይበልጥ ተጠራጠሩ። በመጨረሻ «ተማክራችሁብኛል» ብለው ጸሎታቸውን ጀመሩ፤ እኛም ዕቃውን ነቀልን።

ዲማ ሲወስዷቸው አባቴ በበቅሎዋ ግራ፣ አያ ቢተው በቀኝ ሆነው ሄዱ። አባቴ ደጋግሞ እንደ ነገረኝ እማሆይ መንገዱ ሲጋመስ በቅሎዋን አስቆሙ። «ያቺን ሴትዮ ፈልጉልኝ» አሉ። «ከስተሃል ያለችውን። እማሆይ ነው ያላት፤ እሷም እንደኔ ቆብ የደፋች ናት። ልጄ በሰው አገር ብቻውን የከረመ መስሎኝ ክረምቱን ሙሉ አልቅሻለሁ፤ ለካ ጋቢ ደርብ የምትለው ሰው ነበረችው። አግኙና አመስግኑልኝ።» ሁለቱ ወንድማማቾች በበቅሎዋ አንገት በላይ ተያዩና በአንድ ቃል «እሺ» አሉ። ከዚያ ወዲያ ዲማ በሄድን ቁጥር ይጠይቁን ነበር፤ እኛም እየፈለግን ነው እንላለን፤ አያ ቢተው አንድ ጊዜ ሴትዮዋ ወደ ሌላ ሰፈር ቤት መቀየሯን ሰማን እስከ ማለት ደርሰዋል። እማሆይ በሁለተኛው ዓመት እየጠበቁ ሞቱ።

መርዷቸው የመጣ ቀን ከአባቴ ጋር ሆነን እኛ ቤት በቀረው ዕቃ ክሩን እንደ ገና ሰማነው። እማሆይን ለማግኘት ነበር የፈለግሁት። የሰማሁት ግን አንዲት የደከመች አሮጊት ነው፤ ለጥቂት ጊዜ ማን እንደ ሆነች አላወቅኋትም። አባቴን ቀና ብዬ ሳየው እሱም ወለሉን ያያል።

ሰው ፈልጎ ማግኘት እንጀራዬ ከሆነ ብዙ ዓመት አለፈ። የተረጋገጠውን ብቻ ጻፊ ብባል ክፍሉ ውስጥ ከአዱኛ ጋር የነበሩት እማሆይ ናቸው ብዬ እጽፋለሁ፤ ከሦስት የዓይን ምስክር፣ ከአባቴ፣ ከእናቴና ከአያ ቢተው፣ ሰምቻለሁና። ሦስቱም ዛሬ የሉም፤ ክሩም ቤቱ ሲፈርስ ከዕቃው ጋር የት እንደ ገባ አይታወቅም። የእማሆይንም የክሩ ላይ ሴትዮዋንም ድምፅ የሰማ ሰው ከእኔ በቀር አልቀረም፤ እኔም አያቴን በጆሮዬ ላስታውሳቸው ስሞክር የምትመጣልኝ የትኛዋ እንደ ሆነች መለየት አቅቶኛል።