ፈህሚያ ቤት የሚጎተተው ፓስታ

የቻይና የእጅ ፓስታ፣ ያውም ሙስሊም የሚበላው፣ ጎንደር ውስጥ የት ይገኛል ብሎ የሚጠይቅ ሰው ፒያሳ ላይ ቢስቁበት አይፈረድባቸውም ነበር። «ቻይና የሠራውን ደግሞ የትኛው ሙስሊም ይበላል!» ይሉታል። አዲስ ዓለም ሰፈር ሲደርስ ግን የሚስቅበት የለም። «ከመስጊዱ ቁልቁል ውረድ፣ ፈህሚያ ቤት በል» ብለው ይሸኙታል። ማስታወቂያ የለ፣ ስም የለ፣ አረንጓዴ በር ብቻ። ገፋ አድርጎ ከገባ የመረቁ ሽታ ያስቀምጠዋል።

ፈህሚያ ባሏ ከሞተ ወዲህ በምግብ ሥራ የምትተዳደር ሴት ነበረች። እጇ ባለሙያ ነው፣ አንደበቷ ግን የእሳት ነው። «ምን አለ?» ያላትን ሰው «ዓይን ሰጥቶህ የለ? ሰው የሚበላውን እይ» ትለዋለች። እንዲህ እየሰደበችም ቤቷ አይጎድልም። ያን ፓስታ ያስተማራት ደግሞ ሌላ ሰው አይደለም፣ ቻይናው ኢስሐቅ ነው።

ከደባርቅ በሊማሊሞ ቁልቁል ወደ ዛሪማ የሚወርደው መንገድ በሚሠራበት ጊዜ ነው፣ ዓመተ ምሕረቱ ሁለት ሺህ ካለፈ በኋላ። ኢስሐቅ የሠራተኞቹ ካምፕ ውስጥ ምግብ አብሳይ ነበር። በካምፑ ድስት አሳማ ስለሚገባበት እሱ ራሱ ከሚሠራበት ወጥ ቤት ሻይና ደረቅ ዳቦ እንጂ ሌላ አይቀምስም። ሐሙስ ሐሙስ አስቤዛ ሊገዛ በጭነት ማኪና ጎንደር ይገባል፣ የዚያኑ ዕለት ይመለሳል። መጀመሪያ የመጣ ቀን መስጊዱ በር ላይ ቆሞ «አሰላሙ ዓለይኩም» አለና እጁን ወደ አፉ ወሰደ። ሰዎቹ ተያዩ፣ ከዚያም ወደ ፈህሚያ ቤት ጠቆሙት።

አልተቀመጠም። ቀጥ ብሎ ጓዳ ገባና የተሰቀለውን ሥጋ እያሳየ ጣቱን በአንገቱ ላይ አሳለፈ። ማን አረደው ማለቱ ነው። ፈህሚያ ጨሰች። «እኔን! እኔን ነው የሚጠረጥረኝ? ወይ ጉድ!» አለች። ጎረቤቷ አያ ያሕያ ነው ሁልጊዜ የሚያርድላት። እሱን ጠሩት፣ መጣ፣ እየሳቀ «ቢስሚላህ» ብሎ በምልክት አስረዳው። ኢስሐቅ ያን ጊዜ ተቀመጠ። ሲበላ እንባው ይወርድ ነበር። ፈህሚያ ያን ስታይ ስድቧን ዋጠችው።

በሳምንቱ እጅጌውን ሰብስቦ መጣ። የፉርኖ ዱቄት፣ ውሃና ጨው በምልክት ጠየቀ። አቦካው፣ አሸው፣ ጨርቅ አልብሶ አሳረፈው። ከዚያ ሊጡን በሁለት እጁ ይዞ ጎተተ፣ አጠፈ፣ ጎተተ፣ በጣውላው ላይ ጧ አደረገው። ባጠፈው ቁጥር እየቀጠነ፣ እየበዛ ሄደና ክር የመሰለ ፓስታ ሆነ። በአጥንት መረቅ፣ ላዩ ላይ በዘይት የተጠበሰ በርበሬ ጣል ተደርጎበት ሲቀርብ አያ ያሕያ ሁለት ሳህን ጨረሰ። ፈህሚያ ስትሞክር ሊጡ ይበጠሳል፣ ኢስሐቅ ይስቃል፣ «ቀስ፣ ቀስ» ይላታል። ከአማርኛ የሚያውቀው እሱን ብቻ ነበር። በስንት ልፋት ለመደችው።

«ቻይናውን ልታገቢው ነው አሉ» ሲሏት «አዎ፣ ድግሱን አንተ ትችላለህ» ትላለች። በልቧ ግን ሐሙስ እስኪደርስ ትጨነቅ ነበር። ወዳዋለች፣ ምን ይደበቃል።

እሱን ሙስሊም ነው ብሎ የተቀበለው ግን ሁሉም አልነበረም። ጁምዓ ላይ ያየው ሰው የለም፣ የሚሰግደው ፈህሚያ ጓዳ ውስጥ ነው፣ ብቻውን። የመስጊዱ ሽማግሌ ሼኽ ዐብዱልከሪም ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፣ ጥንቁቅ ሰው። «ሰላምታ ማንም ይለምዳል» ይሉ ነበር። ፓስታውን ግን ከፈህሚያ እጅ ይበሉታል፣ ያውም ይጨመርልኝ እያሉ።

ሐምሌ ገባ። አንድ ሐሙስ ከአስር ሶላት በኋላ ዝናቡ ሰዉን ሁሉ ከመንገድ አባረረው፣ ጉሙም እስከ በሩ መጥቶ ቆመ። ፈህሚያ ፊት ለፊት ክፍል ብቻዋን ተቀምጣ ሽንኩርት ትልጣለች። ከጓዳ ጧ የሚል ድምፅ መጣ። ቆየና ደግሞ ጧ።

ደስ አላት። «በጓሮ ገባህ? ምነው ዛሬስ ሰላምታም የለ!» ብላ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ገባች።

ማንም የለም። ዱቄቱ አየር ላይ ገና እየተንሳፈፈ ነው። ጣውላው ላይ ቀጥኖ የተጎተተ ፓስታ ተዘርግቷል፣ ነክታው እርጥብ ነው። ምድጃው አልነደደም። የጓሮው በር ከውስጥ እንደተቀረቀረ ነው። የራሷ ጸጉር ሲቆም ተሰማት። «አዑዙ ቢላህ» እያለች ወደ ኋላዋ ወጣች፣ ጀርባዋን ለጓዳው መስጠት ፈርታ።

እዚያው እያለች የፊቱ በር ተከፈተ። ኢስሐቅን የሚያመላልሰው ሹፌር ነው፣ ቢያዝን የሚባል የደባርቅ ሰው። ክርስቲያን ስለሆነ እሷ ቤት ሥጋ አይቀምስም፣ ሻይ ጠጥቶ ይሄዳል። ዛሬ ግን አልተቀመጠም፣ ኮፍያውን አውልቆ ቆመ።

«ፈህሚያ፣ ያ ሸጋ ሰው ሞተ» አላት።

«ማን?»

«ኢስሐቅ ነዋ። ሰኞ ተራራው ተናደ። እሱ ውሃ ሊቀዳ ወደ ታች ወርዶ ነበር። ቆፈሩ፣ ቆፈሩ፣ አጡት። ዝናቡም አላስቆም አለ፣ ተዉት።»

«ሰኞ?»

«ሰኞ። ምነው?»

ወደ ጓዳው አየች። ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ አለችና ጮኸች፣ ቢያዝንም አብሯት አለቀሰ።

ፓስታውን ሳይመሽ አውጥታ ከአጥር ሥር አደረገችው። የሰፈሩ ውሻ መጣ፣ አሸተተና እየተንቀጠቀጠ ወደ ኋላው ሄደ። አልጮኸም እንኳ።

በሳምንቱ ሐሙስ ድምፁ ተመለሰ። ቤቱ በሰው ሞልቶ ነበር፣ ከእሷ በቀር የሰማ የለም። «ፈህሚያ፣ ምን ሆነሻል? ፊትሽ አመድ መሰለ» አሏት። ጆሮዋን በሻሿ ጠቅልላ ሥራዋን ቀጠለች። ጧ ይላል፣ ይቆያል፣ ጧ ይላል። ገብታ ስታይ ፓስታው ተዘርግቷል፣ እሷ ያላቦካችው። በሦስተኛው ሐሙስ ከቤቷ ወጥታ ሸሸች፣ ወደ እማማ ሐዲጃ ዘንድ።

እማማ ሐዲጃ የሰፈሩን ሴቶች ሬሳ የሚያጥቡ አሮጊት ናቸው፣ ከሞት ጋር ሲተዋወቁ ኖረዋል። ሁሉንም ሰምተው አንድ ነገር ጠየቁ።

«የጀናዛ ሶላት ሰገዱለት?»

«የት ተገኝቶ!»

«ሬሳውማ ባይገኝም በሌለበት ይሰገድለታል። እንግዲያው ያልተሸኘ ሰው ነዋ፣ ልጄ። ሼኾቹ ሙት አይመለስም ይላሉ፣ እነሱ ቂርአቱን፣ ኪታቡን ያውቃሉ። እኔ ደግሞ ስንቱን አጥቤያለሁ። ሰው ሳይሸኙት መሄጃው ይጠፋዋል። እዚህ አገር ከአንቺ ሌላ ማን አለው?»

ማንም አልነበረውም። እናቱ በሩቅ አገር መሞቱን ይስሙ አይስሙ የሚያውቅ የለም። ፈህሚያ ሌሊቱን ያንን አሰበች፦ እኔ ዝም ካልኩ ይህ ሰው ከዚያ ተራራ ሥር እንዳልተሸኘ መቅረቱ ነው። ከፍርሃቷ ይልቅ ይሄ አንገበገባት።

ጁምዓ ረፋድ ላይ መስጊዱ በር ላይ ቆመች። ሼኽ ዐብዱልከሪም ከሽማግሌዎቹና ከአያ ያሕያ ጋር ሲመጡ መንገዱን ዘጋችባቸው።

«ለኢስሐቅ ስገዱለት» አለች።

ሼኹ አልተቆጡም፣ አዘኑላት እንጂ። «ፈህሚያ፣ ልጄ፣ ሰው ሸጋ መሆኑ አንድ ነገር ነው፣ ሙስሊም መሆኑ ሌላ። ላላወቅነው ሰው ጀናዛ አንሰግድም። ማን ይመሰክራል?»

«እኔ።»

«ሌላስ?»

ሌላ የለም። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን አቀረቀሩ። ሼኹ በጎኗ ሊያልፉ ሲሉ ፈህሚያ ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

«እሺ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ለመውሊድ እኔ ቤት የበላችሁት በግ ጣፍጧችሁ ነበር?»

«ምነው? አዎ፣ ጣፍጦናል።»

«አያ ያሕያ ያን ቀን መተማ ደርሶ ባመጣው ወባ ተኝቶ ነበር። ጠይቁት።»

ሁሉም ወደ ያሕያ ዞሩ። ያሕያ መሬት መሬት እያየ «እውነቷን ነው፣ ከአልጋ አልወረድኩም» አለ።

«ታዲያ ማን አረደው?» አሉ ሼኹ፣ ቀስ ብለው።

«ኢስሐቅ። ወደ ቂብላ አዙሮ፣ ቢስሚላህ አላሁ አክበር ብሎ፣ እኔ የበጉን እግር ይዤ። አሁን እናንተ ንገሩኝ፣ እሱ ሙስሊም ካልሆነ ምንድን ነው የበላችሁት?»

ጎንደር ላይ የእርድ ነገር ቀልድ የለውም። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ግድግዳ ተጋርቶ ይኖራል፣ በሠርጉ በለቅሶው ይጠራራል፣ አንዱ ያረደውን ግን ሌላው አይነካም። የአንድ ሽማግሌ እጅ ሳያስበው ሆዱ ላይ ሄደ። ሌላው ተፋ። ሼኽ ዐብዱልከሪም ፊታቸው ጠቆረ።

«ደበቅሽን!»

«ደበቅኩ! ብነግራችሁ ትበሉ ኖሯል?»

ከዚያ ሼኹ ቀና አሉና ለሁሉም በሚሰማ ድምፅ «የበላነው ከሙስሊም እጅ ነው። እኔ እመሰክራለሁ። ይሰገድለታል» አሉ። ለእሱ አዝነው ይሁን ለራሳቸው ሆድ ብለው፣ አላህ ይወቀው።

ከጁምዓ በኋላ ተሰገደለት። ፈህሚያ ከአጥሩ ውጪ ቆማ ተክቢራውን፣ «አላሁ አክበር» ሲባል፣ ሰማች፣ እፎይ አለች። ሰዎቹም ሊያስተዛዝኗት ወደ ቤቷ መጡ፣ ሌላ የሐዘን ቤት የለማ። ምንም አላዘጋጀችም፣ ዱቄት አላቦካችም፣ እሳትም አልነደደም። አፈረች። ሼኹ መቁጠሪያቸውን ይዘው ተቀመጡ፣ ሌሎቹም በዙሪያቸው።

ጧ።

መቁጠሪያው ቆመ። ፈህሚያ ሰዎቹን አየች፣ ሰዎቹም እሷን። በዚህ ጊዜ ሁሉም ሰምቷል። ጧ፣ ደግሞ ጧ፣ በቀን ብርሃን፣ ሰው ከሌለበት ጓዳ። ያሕያ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን የለውም። ከዚያ የጓዳው ድምፅ ቆመ።

ገባች። ጣውላው በፓስታ ሞልቶ ፈስሷል፣ ለዚያ ሁሉ ሰው የሚበቃ። ያን ጊዜ ገባት። የሞተ ሰው ቤተሰብ ሸኚውን ሰደቃ ያበላል፣ ይህ ሰው ግን ቤተሰብ የለውም። ራሱ እያበላ ነው። እሳት አነደደች፣ መረቅ አፈላች፣ ቀቀለችው፣ በሳህን በሳህን አድርጋ አቀረበችው።

ማንም አልነካውም። እንፋሎቱ ይወጣል፣ ሰው ሁሉ ሼኹን ያያል። እሳቸው ካልበሉ መስጊዱ በር ላይ የመሰከሩት ውሸት ሊሆን ነው። ላብ ግንባራቸው ላይ ወጣ። እጃቸውን ሰደዱ፣ መለሱ፣ እንደገና ሰደዱ።

«ቢስሚላህ» አሉና ጎረሱ። ረጅም ጊዜ አኘኩ። ዋጡት። ከዚያ ወደ ጓዳው በር ዞረው «አላህ ይቀበልህ፣ ኢስሐቅ» አሉ። እስከዚያ ቀን «ያ ቻይና» እንጂ በስሙ ጠርተውት አያውቁም። ሁሉም ተከትለው በሉ።

ፈህሚያ የራሷን ሳህን ይዛ ጓዳ ገባች፣ ጣውላው አጠገብ ቆማ ብቻዋን በላችው። ከዚያ ወዲያ ድምፁን ማንም አልሰማም። ሐሙስ ሲመጣ፣ ከአስር ሶላት በኋላ፣ ደንበኞቿን «ዝም በሉ እስቲ!» ብላ ትቆጣለች። ምን እንደምታዳምጥ ሁሉም ያውቃል፣ ስለዚህ ዝም ይሉላታል።