ጥፋቱን በፓምፑ ያሳበብኩ ጊዜ

እዚህ ፍራንክፈርት የአደን ፈቃድ ያወጡ ሁለት ሦስት ያገሬ ልጆች «ለሚዳቋ አደን ፓምፑ ጠመንጃ ይሻላል ወይስ አውቶማቲኩ?» ብለው ጠይቀውኛል። በጠየቁኝ ቁጥር አንድ ቅዳሜ ጠዋት ይታወሰኛል። በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ፣ በኅዳር ወር ነበር። ልጄን «ሳህን ብትሰብሪ ይቅር እልሻለሁ፣ ብትዋሺ ግን ይቅርታ የለም» እያልኩ ያሳደግኩ ሰው ስለሆንኩ ይህን መጻፍ አይቀለኝም።

ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ የቆመ ነው። ጀርመንኛውን ከመዝገበ ቃላት ለቀምኩ። የአደን ፈተናውንም ከሥራ መልስ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ብቻዬን አጥንቼ አለፍኩ። ኩራቴ ከዚህ የመጣ ነበር። ለአደን ያነሳሱኝ የምሠራበት መጋዘን አለቃ ሄር ሎረንስ ናቸው፤ «ሄር» በጀርመንኛ አቶ ማለት ነው። ጡረታ ሊወጡ አንድ ዓመት የቀራቸው ሽማግሌ ሲሆኑ፣ ታውኑስ ተራራ ሥር ትንሽ የአደን ጫካ ተከራይተዋል።

ጫካው ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ከሠላሳ እርምጃ በላይ አያሳይም። ስለዚህ አንድ ወፍራም የእርሳስ ጥይት የሚተኩስ የቅርብ ጠመንጃ ይበቃሃል አሉኝ። ጠመንጃ ቤቱ ሁለት ዓይነት አቀረበልን። ፓምፑን ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ በእጅህ ወደ ኋላ ስበህ ወደ ፊት ትገፋዋለህ፤ ባዶው ቀለህ ይወጣና አዲሱ ይገባል። ግማሽ አውቶማቲኩ ግን ራሱ ያጎርሳል፤ ያንተ ሥራ ቃታ መሳብ ብቻ ነው።

እኔ አውቶማቲኩን ወደድኩ። «ሁለተኛው ጥይት ወዲያው ይደርሳል» አልኩ።

ሄር ሎረንስ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሁለተኛውን እያሰበ የሚተኩስ የመጀመሪያውን ይስታል። ፓምፑን ስትስብ ዓይንህ ለማየት፣ ልብህም ለመመለስ ጊዜ ያገኛል። አንተ ደግሞ ችኩል ነህ።»

ሻጩ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፤ ግን ፓምፑን ገዛሁ።

ሮደልሃይም ሰፈር ካለው ቤቴ ስደርስ ባለቤቴ ጽጌ ጠመንጃውን ዘወር ብላም አላየችው። የእሷ ጭንቀት ሌላ ነበር።

«በጥይት የሞተ በክት ነው» አለች። «የኔ ድስት ውስጥ አይገባም።»

የአሥራ አራት ዓመቷ ልጃችን ሜሮን እንደ ልማዷ በጀርመንኛ ጣልቃ ገባች፤ «የሱቁን ዶሮ ማን ባረከው፣ ማማ?»

«እሱን አላየሁም። ይሄን ግን አባትሽ ነው የሚገድለው።»

«ሳትሞት እደርስባታለሁ» አልኳት። «በስመ አብ ብዬ በቢላዬ አርዳታለሁ። ለገና የተባረከ ሥጋ ትሠሪያለሽ።»

ያጠናሁት መጽሐፍ ግን እንስሳውን ሳታሰቃይ በአንድ ጥይት ግደል ይላል። ሁለቱ እንደማይስማሙ አውቅ ነበር። ለማንም አልተነፈስኩም።

ያን ቅዳሜ ሜሮንን ይዣት ሄድኩ፤ ትዕግሥት ትማር ብዬ። ሄር ሎረንስ በሌላው የጫካው ጥግ ተቀመጡ፤ እኛ ከፍ ባለ የእንጨት ማማ ላይ ወጣን። ጎሕ ከቀደደ በኋላ አንዲት ሚዳቋ ከቁጥቋጦው ወጥታ ሃያ እርምጃ ያህል ላይ ቆመች። አፈሙዙን ደረቷ ላይ አነጣጠርኩ። ከዚያ ወደ ኋላ እግሯ መለስኩት። እያወቅኩ ነው ያደረግኩት።

ተኮስኩ፤ ወደቀች። ፓምፑን አልሳብኩትም። ጠመንጃውን አስደግፌ ቢላዬን ይዤ መሰላሉን መውረድ ጀመርኩ። እንዲያ ትጮኻለች ብዬ አላሰብኩም ነበር። መሬት ሳልረግጥ ተነሥታ በሦስት እግሯ ቁጥቋጦው ውስጥ ገባች።

ሄር ሎረንስ ተኩሱን ሰምተው ከውሻቸው ጋር መጡ። ጎንበስ ብለው ከቅጠሉ ላይ ስባሪ አጥንት አነሡ፤ በጣታቸው አገላበጡት።

«የእግር ነው። ምን ሆንክ?»

«ፓምፑ ነው» አልኩ። «ሁለተኛውን ልተኩስ ስስበው አመለጠችኝ። አውቶማቲክ ቢሆን ኖሮ እዚሁ ትቀር ነበር።»

ሜሮን ከማማው ላይ ሆና ሰማች።

ሦስት ሰዓት ሙሉ ደሟን ተከተልን። ውሻው ሲያገኛት አንድ የወደቀ ግንድ ሥር ተኝታ ነበር፤ ዓይኗ ግን ገና ያያል። እኔ ቢላዬን እንኳ ለመምዘዝ አቅም አጣሁ። ሄር ሎረንስ በአንድ ጥይት ገላገሏት። ከዚያ ባርኔጣቸውን አውልቀው ከዛፍ ቅርንጫፍ ቆረጡና አፏ ውስጥ አደረጉላት። ልማዳቸው ነው፤ የመጨረሻ ጉርሻዋ መሆኑ ነው።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አሉኝ ሲነሡ። «ፓምፑን ያስገዛሁህ እኔ ነኝ።»

አይደለም ማለት ይገባኝ ነበር። ሚዳቋዋን ለመሸከም ጎንበስ አልኩ።

ሥጋውን እሳቸው ወሰዱት፤ የኛ ቤት በክት አይገባም። እኛን ደጃችን ድረስ በመኪናቸው አደረሱን። ደረጃውን ስንወጣ ሜሮን፣ ሁልጊዜ በጀርመንኛ የምትመልስልኝ ልጅ፣ በአማርኛ «አባዬ፣ ዋሽተሃል» አለችኝ። ማታም እራት ላይ ቀና ብላ አላየችኝም።

በማግስቱ እሑድ የበራችን ደወል ተደወለ። ሜሮን ከፈተች። ሄር ሎረንስ ረጅም ሻንጣ ተሸክመው ቆመዋል፤ የራሳቸውን ግማሽ አውቶማቲክ ጠርገው፣ ዘይት ቀብተው አምጥተውልኛል።

«ለጥቂት ሳምንት ተለማመድበት» አሉ። «ሌሊቱን ሙሉ ሳስብ ነበር። ክፉ ምክር መክሬሃለሁ።»

ሜሮን በሩን እንደያዘች ዞራ አየችኝ። እጄን ለሻንጣው ዘርግቼ ነበር፤ መልሼ ሰበሰብኩት።

«እርስዎ አላጠፉም» አልኩ። «ፓምፑን አልሳብኩትም። እግሯን የመታሁት ሆን ብዬ ነው። በሕይወቷ ደርሼ ባርኬ ላርዳት ፈልጌ ነበር። ትናንት ዋሸሁዎት።»

ሻንጣውን መሬት አስቀመጡ። ከዚያ ድምፃቸውን ሳያነሡ ጠየቁኝ።

«ሦስት ሰዓት በሦስት እግሯ ስትሮጥስ ማን ባረካት?»

ሻንጣቸውን አንሥተው ደረጃውን ወረዱ። ሥራ ቦታ ሰላምታ አልነፈጉኝም፤ ጫካቸው ግን አልወሰዱኝም። ጡረታ ከወጡ በኋላ፣ በሁለተኛው ዓመት፣ ደውለው «ፓምፑን ይዘህ ና፤ እኔ አጠገብህ እቀመጣለሁ» አሉኝ። ሄድኩ። ያን ቀን አንዲት ሚዳቋ መጣች፤ ጥሩ አድርጌ ማነጣጠር ስላልቻልኩ አልተኮስኩም። እሳቸውም ትከሻዬን መታ አደረጉኝ።

ለሚጠይቁኝ ልጆች ሁለቱም ጠመንጃዎች ደህና ናቸው እላቸዋለሁ፤ ከዚያ ይህን ታሪክ እነግራቸዋለሁ። ያቆሰልኳት ሚዳቋ ታሳዝነኛለች። ከእሷ በላይ የሚቆረቁረኝ ግን እንቅልፍ አጥተው ያደሩት ሽማግሌ ናቸው።

ፓምፑ ዛሬም ቁም ሣጥኑ ውስጥ ተቆልፎበታል። ሜሮን አሁን የራሷ ቤት አላት። ቀጠሮ አርፍጄባት በባቡሩም በዝናቡም ሳሳብብ ታዳምጠኝና፣ «ፓምፑ ነው አይደል፣ አባዬ?» ትለኛለች።

ያን ጊዜ ሰበቤን ትቼ «ይቅርታ፣ ዘግይቼ ነው የተነሣሁት» እላታለሁ።