ሦስት ፊደልና አንድ «ይበል»

አያቴ በወጣትነታቸው ቅኔ የተማሩ ገበሬ ነበሩ፤ የእንግሊዝኛውን ፊደል ያስቆጠርኋቸው ግን እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ በባጃጅ ወረታ ገበያ በሄድን ቁጥር ሦስት ፊደል ይሰጡኛል። ሦስቱንም የያዘ የእንግሊዝኛ ቃል ሳገኝ፣ ቅኔ ሲሰምር እንደሚባለው «ይበል» ይሉኛል፤ የባጃጁ ተሳፋሪ ሁሉ ዞሮ ያየናል፤ እኔ ደግሞ ደስታው አላስቀምጥ ይለኛል።

የመጨረሻዎቹ ኪው፣ ዜድና ኢ ነበሩ። «ስመለስ ትነግሪኛለሽ» ብለውኝ ሐኪም ቤት ሄዱ፤ አልተመለሱም።

ትናንት ከቤታችን ጓሮ ባለው አውድማ ሩዝ ስንወቃ ሦስቱንም የያዘው «ስኩዊዝ» (squeeze) የሚለው ቃል ድንገት መጣልኝ። መንሼን ወርውሬ፣ እየሳቅሁ፣ ለእሳቸው ልነግር ወደ ቤት በረርሁ። መደባቸው ላይ አጎዛው ብቻ ተነጥፏል። እዚያው ቆሜ ቃሉን ጮክ ብዬ አልሁት።

እንግሊዝኛ የማታውቀው እናቴ ከአውድማው ሆና «ይበል» አለችኝ።