የሰው አያት ተውሶ ሚስት ሊያገባ የመጣው ሙሽራ

ባለፈው እሁድ ጠዋት፣ ፍኖተ ሰላም እናቴ ቤት... ሦስት ሽማግሌዎች አዲስ ጋቢ ለብሰው እህቴን ትዕግስትን ለጋብቻ ሊጠይቁ መጡ። ሙሽራ ተብዬው በር ላይ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቃል።

እኔ ሰውየውን ገና ሳየው ነው ያልወደድኩት። ከተዋወቁ ሁለት ወር አልሞላቸውም፤ «የልብስ ስፌት ቤትሽን ሽጪና ብሩን ስጪኝ፣ አዲስ አበባ ትልቅ እከፍትልሻለሁ» ብሏታል። ያንን ቤት እኮ ዓይኗ እስኪፈዝ ሰፍታ ነው ያቆመችው! አጭበርባሪ ነው ብላት ምን ብትለኝ ጥሩ ነው...

«አንተ የሌባ ቀልድ ስትጽፍ ሰው ሁሉ ሌባ መሰለህ!»

እርግጥ የምጽፈው አስቂኝ የወንጀል ታሪክ ነው። ግን አጭበርባሪዎቼን ከራሴ አልፈጥራቸውም፣ ካየሁት ሰው ነው የምቀዳቸው። ይኸኛውንማ ከጫማው ጀምሮ በልቤ ጽፌው ነበር።

የእናቴ አጎት አያ ስንሻው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «መልካም። እንግዲህ እኛ አገር ሰባት ቤት ሳይቆጠር ልጅ አይሰጥም። እስኪ የልጁን ዘር ቁጠሩልን።»

ዋናው ሽማግሌ እንደ ዳዊት በቃሉ ተወጣው። አባቱ እገሌ፣ አያቱ እገሌ... «ቅድመ አያቱ ደግሞ የደምበጫው ግራዝማች አዱኛ!» ብሎ ደረቱን ነፋ።

አያ ስንሻው ሦስተኛ ጣታቸውን እንዳጠፉ ቀሩ። «ግራዝማች አዱኛ? የኔ አያት?!»

አያ ስንሻው እጃቸውን ወደ በሩ ዘረጉ።

«በሉ ተነሡ። ልጁ የሥጋ ዘመዳችን ነው፣ ይኼ ጋብቻ አይሆንም።»

አንዱ ሽማግሌ ወጥቶ ለሙሽራው ሲነግረው፣ ሰውየው እየሮጠ ገባ።

«ኧረ አባቴ፣ ግራዝማች አያቴ አይደሉም! ስህተት ነው!»

«ታዲያ የማን ልጅ ነህ?»

ሰውየው ሽማግሌዎቹን ገላመጠ። አያ ስንሻው ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። «እናንተስ? የማን ልጅ ነው?»

«እኛ እንኳ... ትናንት ቡሬ መናኸሪያ ነው ያገኘን፤ የዘር ቆጠራውንም እሱ ነው ያስጠናን» አለ አንዱ አንገቱን ደፍቶ።

ይኼኔ ትዕግስት ከጓዳ ወጣች። እንባዋ ዓይኗ ላይ ነው፣ ግን ቀጥ ብላ አየችው።

«ግራዝማች አያትህ ከሆኑ ዘመዴ ነህ፣ አላገባህም። ካልሆኑ ውሸታም ነህ፣ አላገባህም። ምረጥ!»

የመረጠው መኪናውን ነው። ሽማግሌዎቹን እንኳ ሳይጭን ፈረጠጠ! እናቴ ለሠርጉ ያዘጋጀችውን እልልታ እዚያው አቀለጠችው። እኔም አልዋሻችሁም፣ ግቢው መሀል እስክስታ ወርጃለሁ። ደስ ሲል!

ዛሬ ጠዋት በስፌት ቤቷ ሳልፍ፣ ትዕግስት የሰው ቀሚስ እየሰፋች ከደንበኛዋ ጋር ትስቃለች።

ቤት መቁጠር ኋላ ቀርነት ነው የምትሉ ልጆች... ቁጠሩ ብያለሁ! የኛው ውሸታም ሰባት ሳይደርስ ሦስተኛው ላይ ነው ያለቀበት።