አፈር ስሆን፣ እርስዎ ይቅደሙ

በዕድሜዬ ከአንድ ጊዜ በቀር በር ላይ ሰው ቀድሜ ገብቼ አላውቅም። ልኮራበት ብዬ አይደለም የምነግራችሁ፤ ከእኔ ጋር በር ላይ የተገጣጠመ ሰው ያሳዝነኛል። "ይቅደሙ" እለዋለሁ። "ኧረ እርስዎ" ይለኛል። "አፈር ስሆን" እለዋለሁ። "በሞቴ" ይለኛል። ከኋላችን ሕዝብ ይሰለፋል። አንድ ቀን እዚሁ ከተማችን ካሻን፣ አንድ ባንክ በር ላይ ከአንድ ሽማግሌ ጋር እንዲህ ስንለማመጥ፣ ዘበኛው ሰዓት አለቀ ብሎ በሩን ዘጋብን። ሁለታችንም ጉዳያችንን ሳንፈጽም ተሳስመን ተለያየን።

ይኼን ነገር እኛ ታሮፍ እንለዋለን። ታሮፍ የአገሩ ሁሉ ነው፤ እኔ ግን አበዛሁት። ሥራዬም አባሰብኝ። ባዛር ውስጥ ጨርቅ ሻጭ ነኝ፣ ያውም ጥቁር ጨርቅ፣ ሴቶች ከራስ እስከ እግር የሚከናነቡትን። ደንበኛ ዋጋ ሲጠይቀኝ "ምን ዋጋ አለው፣ ለእርስዎ የሚሆን አይደለም እንጂ ዝም ብለው ይውሰዱት" እላለሁ። እሱም "አይሆንም" ይላል። ትንሽ እንገፋፋና ዋጋውን እነግረዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ እንደ ደመኛ እንከራከራለን። ሕጉን ሁሉም ያውቀዋል። "ይውሰዱት" ማለት "ይክፈሉ" ነው፤ "ይግቡ" ማለት "ደህና ይዋሉ" ነው። ይኼን የማያውቅ ሰው ካሻን ውስጥ ያለ አይመስለኝም ነበር።

በዚያ ላይ የካሻን ሰው ፈሪ ነው እያሉ ሌሎች ከተሞች ይቀልዱብናል። ሐሜት ነው እንዳልል፣ እኔ አለሁ። ዩኒፎርም የለበሰ ሰው ሳይ ወገቤ እኔን ሳያማክር ይጎብጣል። ባለቤቴ ፋራንጊስ "ኖስራት፣ አንተ ቤት ሌባ ቢገባ ዕቃውን ተሸክመህ እስከ መንገድ ትሸኘዋለህ" ትለኛለች። ውሸቷን አይደለም፤ ሻይም አፈላለት ነበር።

ልጄ ጎልኑሽ ግን እኔን አልወጣችም። ገና ሕፃን ሳለች፣ ሱቅ ውስጥ ቁጭ ብላ ለአንድ ደንበኛ "ዝም ብለው ይውሰዱት" ስለው ሰማች። ዘወር ስል ጨርቁን አንስታ ለሰውየው አሸከመችው። "አባቴ ውሰዱት ብሎዎታል" አለችው። ያ ጨዋ ሰው ደንግጦ ይዞት ሄደ። ስጮህባት አላለቀሰችም፤ ዓይኗን አፍጥጣ ብቻ አየችኝ። "ብለሃል እኮ!" አለችኝ። ሰው ያለውን ነገር የእውነት ይለዋል ብላ ታምን ነበር። ይኼን አመሏን ማስተው አልቻልኩም።

አሁን የአንደኛ ደረጃ መምህርት ናት። በአገራችን ሴት ፀጉሯን እንድትሸፍን ሕጉ ያስገድዳል፤ ልጃገረዶቹ እንቢ ብለው ሻሻቸውን ከራሳቸው ማውረድ ሲጀምሩ ግን እሷም አወረደች። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ታደርገዋለች፣ ስትወጣ ቦርሳዋ ውስጥ ትከተዋለች። እኔም ከኋላ ከኋላዋ ሻሽ ይዤ እከተላለሁ። ቀልድ እንዳይመስላችሁ፤ ከኮት ኪሴ አንድ ሻሽ አይጠፋም። መንገድ ላይ ፖሊስ ባየሁ ቁጥር አውጥቼ "ጎልኑሽ ጃን፣ የኔ ነፍስ፣ ብርድ ነው፣ ጣል አድርጊው" እላታለሁ፤ አስፋልት በሚያቀልጥ ሐሩር።

"አባዬ፣ ገበያህ እንዳይቀዘቅዝ ፈርተህ ነው?" ብላ ትስቅብኛለች።

እንደሱም አለበት። ጥቁር ጨርቅ እንደ ድሮው አይሄድም።

እንግዲህ አርብ ከቀትር በኋላ፣ ቤታችን ውስጥ፣ የጎልኑሽ ኒካህ ነበር። ሼኹ መጡ፤ ሙሽሮቹ መስታወትና ሻማ ፊት ተቀመጡ፤ ሴቶቹ ከራሳቸው በላይ ነጭ ጨርቅ ወጥረው፣ ትዳራቸው ይጣፍጥ ብለው የስኳር ድንጋይ ፈገፈጉ። ሼኹ ሙሽራውን ፔይማንን ታገቢያለሽ ወይ ብለው ሲጠይቁ ሴቶቹ እንደ ወጉ "ሙሽራዋ አበባ ልትለቅም ሄዳለች" አሉ። ደግመው ሲጠይቁ "የጽጌረዳ ውሃ ልታመጣ ሄዳለች" አሉ። በመጨረሻ ጎልኑሽ "በእናትና አባቴ ፈቃድ፣ አዎ" አለችና በዓይኗ ጠቀሰችኝ። ፈቃዴን ጠይቃኝ የማታውቅ ልጅ! እኔ ግን እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ሼኹ ጣፋጫቸውን ቀምሰው እንደወጡ በሩ ተቆለፈ፣ እውነተኛው ሰርግ ተጀመረ። ሻሾቹ ወረዱ። ወንድና ሴቱ ተደባልቆ መደነስ ጀመረ። አንድ ኦርጋን ተጫዋች ጥግ ይዞ ቤቱን አናወጠው። የፋራንጊስ ወንድም ሁሻንግ፣ ከዘቢብ በገዛ እጁ ያወጣውን አረቄ በውሃ ጆግ ሞልቶ ምግቡ መሐል ደረደረው። ሁሉም በሕግ ክልክል ነው፤ ግን እንዲህ ነው የምንሠርገው፤ ጎረቤት ሁሉ ያውቃል፣ ጎረቤት ሁሉ እንዲሁ ይሠርጋል።

ደወሉ ጮኸ። ማንም ሂድ ሳይለኝ ሮጥኩ፤ በር የእኔ ሥራ ነው።

ስከፍት አንድ ፖሊስ ቆሟል። ማዕረጉ ሃምሳ አለቃ ነው፤ ፊቱ በድካም ጠውልጓል።

"ሐጂ፣ የሙዚቃ ድምፅ አስቸገረን ብለው ደውለዋል። ቀንሱ" አለኝ።

ይኸው ነው። ሌላ ነገር አላለም። "እሺ" ብለው ዞሮ ይሄድ ነበር። ግን ወገቤ ጎበጠ፣ ምላሴም ተከተለችው።

"ጌታዬ ኮሎኔል!" አልኩት። ኮሎኔል ማለት ምን ያስከፍላል? "ኧረ ደጅ ቆመው! አፈር ስሆን ይግቡ! ቤቱ የእርስዎ ነው፤ ምሳ ሳይቀምሱ ቢሄዱ ወላሂ እቀየማለሁ!"

አሁን እሱ "እግዜር ይስጥልኝ፣ ሥራ ላይ ነኝ" ሊለኝ ነው፤ እኔም አንድ ሁለቴ ለምኜው በሩን ልዘጋ ነው። ሰውየው ግን በትከሻዬ አሻግሮ ወደ ውስጥ አየ። የሩዙና የዛፍራኑ ሽታ መጣበት።

"ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም" አለና ጫማውን ሊፈታ ጎንበስ አለ።

ያ አላህ! ሰው እንዴት በአንዴ እሺ ይላል? እናት የለውም? ምላሴን በቆረጠው! ደግነቱ የፖሊስ ጫማ ማሰሪያው ረጅም ነው። "ፋራንጊስ!" ብዬ ሰፈሩ እስኪሰማ ጮህኩ። "ጌታዬ ኮሎኔል ምሳ ሊበሉልን ነው!"

ሙዚቃው ቀጥ አለ። ከውስጥ የሩጫ፣ የሳህን፣ የ"ሻሼ የታለ" ድምፅ ሰማሁ። ስንገባ ወንዶቹ በአንድ በኩል፣ ሴቶቹ በሌላ በኩል፣ ለቅሶ ቤት ይመስል ተቀምጠዋል። አንዷ የገበታ ልብስ ተከናንባለች፤ የሩዝ ፍሬ አለበት። የሙሽራው አክስት መጋረጃውን ሳታወልቅ እዚያው መስኮቱ ላይ ተጠቅልላበት ቆማለች። ኦርጋኑ ላይ አንሶላ ጣል ተደርጎበት ተጫዋቹ ሸሚዝ ይተኩሳል። ካውያው አልተሰካም። ጎልኑሽ አልታየችኝም፤ ጓዳ ገብታለች ብዬ ተመስገን አልኩ።

ሃምሳ አለቃው ተቀምጦ መብላት ጀመረ። ማን እንደ እሱ በላ! ሠላሳ ሰው ጉርሻውን ይቆጥርለታል። ሁለተኛ ሳህን ላይ ሲደርስ አነቀውና በእጁ ውሃ ጠየቀ። እኔ ባለ ጉድ በጥድፊያ አጠገቤ ካለው ጆግ ቀዳሁና ሰጠሁት። ሁሻንግ ፊቱ አመድ ሲመስል ነው የገባኝ፤ አረቄ ሰጥቼዋለሁ።

ጎንጨት አለለትና ቀጥ አለ። ዓይኑ ቀላ።

"ሐጂ፣ ይኼ ውሃችሁ ከየት ነው?"

"ከ... ከቧንቧ ነው ጌታዬ ኮሎኔል። ሰሞኑን ክሎሪን አብዝተውበታል።"

"አብዝተውበታል" አለና እስከ አተላው ጨለጠው። "ለማንኛውም ሻይ ይሻለኛል።"

ያን ጊዜ ሰውየው ገባኝ። ይኼ ሰው ማንንም ማሰር አይፈልግም፤ የሚፈልገው ምክንያት ነው። ምክንያት ስጠው፣ ኦርጋኑንም አረቄውንም ይውጥልሃል። አንተም ታውቃለህ እሱም ያውቃል፤ በዚህች ውሸት ሁላችንም ቤታችን እንገባለን። እኔ ደግሞ ለዚህ የተፈጠርኩ ነኝ። ደረቴን መንፋት ጀምሬ ነበር።

ሻዩን ይዛ የመጣችው ጎልኑሽ ናት።

ነጭ ልብሷን እንደለበሰች፣ ራሷ ገላጣ፣ የተፈገፈገው ስኳር ፀጉሯ ላይ ብናኙ እንዳለ። ፋራንጊስ ጣቷን ነከሰች። እጄ በራሱ ኪሴ ገብቶ ሻሹን አወጣ። አወጣሁትና ምን ላድርገው? ሰው ሁሉ ያየኛል። ላቤን ጠረግኩበት።

ሃምሳ አለቃው ቀና ብሎ ሳያያት ሻዩን ተቀበለ። ከዚያ ለእኔ፣ ቀስ ብሎ፦

"ሐጂ፣ ሙሽራዋ በሥራ ብዛት ሻሿን ረስታው ነው መሰለኝ።"

አያችሁ ጨዋነቱን? ምክንያቱን ራሱ አኝኮ አጎረሰኝ። ከእኔ የሚፈለገው "አዎ" ብቻ ነበር። ከረሳች ጥፋት የለም። አውቃ ከሆነ ግን ስሟን መጻፍ አለበት፤ ስሟ ከተጻፈ ወሬው ትምህርት ቤቷ ይደርሳል፤ ከደረሰ ክፍሏንም ተማሪዎቿንም አጣች። እንጀራዋ በእኔ "አዎ" ላይ ተንጠልጥሏል። ዕድሜዬን ሙሉ "አዎ" ስል ኖሬያለሁ፤ አንድ ብጨምር ማን ይታዘበኛል?

ጎልኑሽ ፖሊሱን አልነበረም የምታየው። እኔን ነው። ያንን ጨርቅ ለሰውየው ባሸከመችበት ቀን ባየችኝ ዓይን። የምለውን ነገር የእውነት እላለሁ ብላ እየጠበቀች።

"አልረሳችም" የሚል ድምፅ ሰማሁ። የእኔ ነው። "አልረሳችም ጌታዬ። አውቃ ነው።" ከዚያ አመሌ አይደል፣ "በሞቴ ሻዩ እንዳይበርድብዎ" ጨመርኩበት።

ሃምሳ አለቃው ብርጭቆውን አስቀመጠ። ሊያለቅስ ምንም አልቀረው።

"ሐጂ፣ ምን አድርጌዎት ነው? አሁን እኮ ሰማሁ! ከሰማሁ ደግሞ አለቃዬ ፊት ባዶ እጄን አልቆምም። የሰው ስም መያዝ አለብኝ።"

ጎልኑሽ አፏን ስትከፍት ቀደምኳት። "የእኔን ይያዙ። ቤቱ የእኔ ነው፣ ሙዚቃው የእኔ ነው፣ ውሃውም የእኔ ነው።"

"ውሃው እንኳ..." ብሎ ሁሻንግ ሊነሳ ሲል ፋራንጊስ እግሩን ረገጠችው።

ሃምሳ አለቃው ተጠራጥሮ አየኝ። "ይኼ ታሮፍ ነው ወይስ የእውነትዎን ነው?"

ዘመድ ሁሉ ያውቀኛል፤ "ቤቴ የእርስዎ ነው" ስል የኖርኩ ሰው ነኝ።

"የእውነቴን ነው" አልኩ።

"አባዬ፣ የተገለጠው ራስ የእኔ ነው፣ እኔ ልሂድ" አለች ጎልኑሽ።

"ሙሽራ ሰርጓን ትታ አትሄድም! ይልቅ ተጫወቱ። ያ ሰውዬም ሸሚዙን ይተወው።"

መጣችና ሻሹን ከእጄ ወሰደችው። አንገቴ ላይ አዙራ አሰረችልኝ፤ እንደ ሕፃን። ዓይኗ እንባ አቅርሯል፣ ግን ትስቃለች። "ውጪ ብርድ ነው፣ አባዬ" አለችኝ፤ አስፋልት በሚያቀልጥ ሐሩር።

ደጅ ስንወጣ የፖሊስ መኪናው ቆሟል፣ ሾፌሩ ውስጥ ያንቀላፋል፣ ጎረቤቱ ሁሉ መስኮት ላይ ነው። እኔ የሴት ሻሽ አስሬአለሁ። ሃምሳ አለቃው የኋላውን በር ከፈተና ቆመ።

"ይግቡ፣ ሐጂ።"

"ኧረ እርስዎ ይቅደሙ፣ ጌታዬ ኮሎኔል" አልኩ፤ ከአፌ አመለጠኝ።

"አይገባም፣ ሐጂ። እርስዎ ታላቅ ነዎት" አለኝ፤ እሱም የአገሬ ልጅ አይደል?

"አፈር ስሆን..."

"በሞቴ፣ ሐጂ።"

ከላይ፣ ከቤቴ መስኮት፣ ኦርጋኑ እንደገና ጀመረ፤ ከቅድሙ ይበልጥ ከፍ ብሎ። ሃምሳ አለቃው ሰማ። እኔም ሰማሁ። ወደ ላይ ቀና ሳይል በሩን ይበልጥ ከፈተልኝ።

"እሺ" አልኩትና ቀድሜው ገባሁ።