የማንቆርቆሪያው ውሃ

ቤተ ሙከራ ውስጥ መምህራችን «መጀመሪያ ቀለሙን እዩ፤ ከዚያ አሽትቱ» ሲሉን ከትውልድ ከተማዬ ከሐይቅ ያመጣሁትን የውሃ ናሙና ከፈትኩ። ሽታው ወደ ልጅነቴ መለሰኝ።

አባቴ ለሶላት ውዱዕ የሚያደርገው ከቤታችን በታች ባለችው ምንጭ ነበር። በቆሻሻ ቀለሙ፣ ጣዕሙ ወይም ሽታው የተለወጠ ውሃ ደግሞ ለውዱዕ አይሆንም። ከበላያችን ያለው ባለሆቴል ቆሻሻውን ፈፋው ውስጥ መድፋት ሲጀምር ምንጯ ሸተተች። አባቴ ቢለምነው «ጎርፉ ይወስደዋል፤ ምን አስጨነቀህ?» ብሎ ሳቀበት።

አንድ ቀን ባለሆቴሉ ከሌሎች እንግዶች ጋር ለዱዓና ለምሳ ቤታችን መጣ። አባቴ ከምንጯ በቀዳው ውሃ ሊያስታጥበው ማንቆርቆሪያውን ይዞ ጎንበስ አለ።

«ኧረ ይሄ ይሸታል!» አለ ሰውየው እጁን ሰብስቦ።

«የራስዎ ነው፣ ጋሼ። ጎርፉ ወስዶ ለእኛ አደረሰው።»

እንግዳው ሁሉ ሳቀ። ሰውየው ሳይበላ ወጣ፤ መድፋቱን ግን አልተወም። አባቴም «እኔ አውፍ ብያለሁ፣ ይቅር ብዬዋለሁ፤ ውሃ ግን አይረሳም» አለኝ። ያኔ አልገባኝም ነበር።

ናሙናውን የቀዳሁት ከዚያችው ምንጭ ነው። ውጤቱ ሲወጣ በቀጣዩ ዱዓ፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ ለባለሆቴሉ ጮክ ብዬ አነብለታለሁ። አውፍ ያለው አባቴ ነው፤ እኔ አላልኩም።